የመረጃ ደህንነትን ከሀ ለመጀመር የትኛው መንገድ ይሻላል? ለድሬዳዋና ለሐረር ተማሪዎች የቀረበ ንጽጽር

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር በዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ስጠጣ አግኝታኝ ስልኳን በእጄ ላይ አኖረች። ቴሌግራሟ ተወስዶባታል። መንገዱ የታወቀው ነው። ከጓደኛዋ አካውንት «የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጪልኝ» የሚል መልእክት መጣላት። ሊንኩን ስትከፍት ስልክ ቁጥሯን ጠየቃት፤ ቀጥሎ ቴሌግራም ራሱ የላከላትን ባለ5 አሃዝ ኮድ አስገባች። በዚያው ሌሊት በእርሷ ስም ለዘመዶቿ ሁሉ «ገንዘብ ቸግሮኛል» የሚል መልእክት ተላከ።

ያሳዘነኝ ከዚህ በኋላ የሰማሁት ነው። ይህች ልጅ ባለፈው ሴሚስተር የኢንፎርሜሽን ደህንነት ኮርስ ወስዳ «ኤ» አግኝታለች። ማንነት የሚረጋገጥባቸውን ሦስት መንገዶች፣ ማለትም የምናውቀውን ምስጢር፣ በእጃችን የያዝነውን ነገርና የአካላችንን ምልክት፣ በቃሏ ትዘረዝራለች። ስልኳ ላይ የደረሰው ኮድ ያ «በእጃችን የያዝነው» የተባለው ነገር እንደሆነ ግን ማንም አላሳያትም።

በድሬዳዋም በሐረማያም የሚማሩ ልጆች «ከየት ልጀምር?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው ይህችን ልጅ እያሰብኩ ነው። አማራጩ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ አመስጋኝ አለው። ስለዚህ መመዘኛውን አስቀድሜ አማራጮቹን በእርሱ ልመዝን።

በምን እንመዝን?

ከሁሉ በፊት የማየው ተማሪው ከሚያጠፋው አሥር ሰዓት ውስጥ ስንቱን በራሱ እጅ እንደሚሠራ ነው። ማዳመጥና ማንበብ ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ትእዛዝ ጽፎ፣ ተሳስቶ፣ ለምን እንደተሳሳተ ያልፈለገ ሰው ትምህርቱ ከፈተናው ማግስት ይተንበታል።

ሁለተኛው የዚህ አካባቢ ነገር ነው፤ መብራት ሲጠፋና ኢንተርኔት ሲዳከም ትምህርቱ ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? ብዙው ምክር የተጻፈው መስመሩ ለማይቋረጥበት ሰው ነው። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ሙቀቱም አለ። ያገለገለ ላፕቶፕ ከቀትር በኋላ ከባድ ሥራ ሲጫንበት ማራገቢያው ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ራሱን ያጠፋል። ከባድ ሥራ ከንጋት በፊት ወይም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ይሻላል።

ሦስተኛው ክፍያው ነው፤ የገንዘቡ መጠን ብቻ ሳይሆን በምን እንደሚከፈልም ጭምር። በወር ጥቂት ዶላር የሚጠይቅ አገልግሎት፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ለሌለው ተማሪ ከነጭራሹ የሌለ ያህል ነው።

አራተኛው መንገዱ ሥሩን መንካቱ ነው። ኔትወርክ፣ ሊኑክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተምና አንድ የፕሮግራም ቋንቋ ሳይዙ የመረጃ ደህንነት መማር ፊደል ሳይቆጥሩ ዳዊት ለመድገም እንደመሞከር ነው። አምስተኛው ስትሰናከሉ የምትጠይቁት ሰው መኖሩ ነው። የምስክር ወረቀቱን ወደ መጨረሻ ያወረድኩት አስቤበት ነው፤ ለጀማሪ መጀመሪያ የሚያስፈልገው እርሱ አይደለም።

የዩኒቨርሲቲው ኮርስ

ተጨማሪ ክፍያ የለውም፣ መምህር አለው፣ ሥርዓት አለው። ምስጢራዊነት፣ ምሉዕነትና ተደራሽነት የሚባሉት ሦስቱ ምሰሶዎች፣ የስጋት ትንተናና የምስጠራ መርሆች በወግ የሚነገሩት እዚህ ነው። ድክመቱ ብዙውን ጊዜ ወደ ትምህርቱ ማብቂያ መምጣቱና የቤተ ሙከራ ሰዓቱ ማነሱ ነው።

ተማሪዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ዋናዎቹ የደህንነት ትምህርቶች ቀደም ብለው የሚሰጡት የኔትወርክ፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተምና የዳታቤዝ ኮርሶች ናቸው። እነዚህን ለማለፍ ያህል ብቻ የተማረ ልጅ የደህንነት ኮርሱ ላይ ሲደርስ የሚሸመድደው ቃል ብቻ ይቀረዋል። ኮርሱን አትናቁት፤ በእርሱም ብቻ አትቁሙ።

ነጻ የኢንተርኔት ኮርሶች

ከእነዚህ የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ «የሳይበር ደህንነት መግቢያ» ለጀማሪ ምቹ ነው። ነጻ ነው፣ አጭር ነው፣ በራስ ፍጥነት ይሄዳል። ከዚያው የሚገኘው ፓኬት ትሬሰር የተባለ ሶፍትዌር ደግሞ ከኮርሱም ይበልጣል እላለሁ። አንዴ ወርዶ ከተጫነ በኋላ ራውተርና ስዊች ሳይገዙ ኔትወርክ መዘርጋት፣ ማበላሸትና መጠገን ይቻላል።

አይኤስሲ2 የተባለው ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበር ከ2022 ጀምሮ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ለጀማሪዎች የሚሆን ሥልጠናና ፈተና በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ዕድሉ አሁንም ክፍት መሆኑን ከመመዝገባችሁ በፊት አረጋግጡ። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያነቡትን ልንገራችሁ። ትምህርቱና ፈተናው በነጻ ቢሰጡም፣ ያለፈ ሰው ምስክር ወረቀቱን ለማቆየት በየዓመቱ 50 ዶላር ይጠየቃል። ፈተናው የሚወሰደውም በተፈቀደ የፈተና ማዕከል በአካል ተገኝቶ ስለሆነ የጉዞና የማደሪያ ወጪ ይጨመርበታል።

መንግሥት ያስጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በመረጃ ደህንነት ላይ ያተኮረ አይደለም። የፕሮግራሚንግ መሠረት ለሌለው ግን ጥሩ መነሻ ነው።

የዚህ መንገድ አደጋ ቪዲዮ ነው። ዳታ ይበላል፤ ከዚያ የከፋው ግን የማወቅ ስሜት መስጠቱ ነው። ሌላ ሰው ሲሠራ አይቶ «ገባኝ» ማለት ቀላል ነው። ከሁለት በላይ የቪዲዮ ኮርስ በተከታታይ የጨረሰና አንድም ጊዜ ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ያልከፈተ ተማሪ ካጋጠመኝ፣ ሦስተኛውን እንዳይጀምር እለምነዋለሁ።

የተግባር መለማመጃ ገጾች

እዚህ ላይ ረዘም ላድርግ፤ ለእኛ አካባቢ ተማሪ ከሁሉ የሚበልጠው አማራጭ ያለው እዚህ ነውና።

ኦቨርዘዋየር በተባለ ገጽ ላይ «ባንዲት» የሚባል የልምምድ ጨዋታ አለ። ክፍያ የለውም፣ ምዝገባም አይጠይቅም። ኤስኤስኤች በተባለው ደህንነቱ የተጠበቀ ግንኙነት ሩቅ ወዳለ የሊኑክስ ኮምፒውተር ትገባላችሁ፤ በየደረጃው የተደበቀ የይለፍ ቃል ታገኛላችሁ፤ እርሱ ወደሚቀጥለው ደረጃ ያስገባችኋል። የሚመላለሰው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ አንድ ምሽት ሙሉ ብትሠሩበት የሚበላው ዳታ አንድ አጭር ቪዲዮ የሚበላውን አያክልም። መስመሩ ቢቋረጥ የደረሳችሁበትን የይለፍ ቃል ደብተር ላይ ጽፋችሁ ከሆነ ከዚያው ትቀጥላላችሁ። ካልጻፋችሁ ግን ማንም አያስቀምጥላችሁም።

ምን ያህል እንደሚያስተምር በአንድ ደረጃ ላሳይ። መጀመሪያ አካባቢ የይለፍ ቃሉ ስሙ አንድ ሰረዝ ብቻ በሆነ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ፋይል ከፍቶ የሚያሳየውን «ካት» የተባለውን ትእዛዝ ጽፋችሁ ሰረዙን ታስከትላላችሁ። ምንም አይመጣም። ተርሚናሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ተማሪው «ኢንተርኔቱ ተቋረጠ» ብሎ ያስባል፤ አልተቋረጠም። ፕሮግራሙ ሰረዝን የሚያነበው እንደ ፋይል ስም ሳይሆን «ከኪቦርድ የሚጻፈውን ጠብቅ» እንደሚል መመሪያ ነው። መፍትሔው ከሰረዙ በፊት ነጥብና ስላሽ ጨምሮ «እዚሁ ማህደር ውስጥ ያለው ፋይል ነው» ብሎ መንገር ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ሆኖም ተራ ስም የነበረ ነገር በፕሮግራሙ ዘንድ እንደ መመሪያ ሲነበብ ማየት፣ በኋላ ስለ ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ስትማሩ የምታገኙትን የችግሩን ሥር ማየት ነው። ዳታቤዝ ላይ የሚፈጸመው ጥቃትም መነሻው ሰው በቅጽ ላይ የሞላው ጽሑፍ እንደ ትእዛዝ መነበቡ ነው።

ላፕቶፕ የሌለው ተማሪም ባንዲትን መሥራት ይችላል። ተርመክስ የተባለውን ነጻ ተርሚናል በአንድሮይድ ስልክ ላይ ጭኖ ኤስኤስኤችን መጨመር በቂ ነው። በስልክ ኪቦርድ መጻፉ ያደክማል፣ ይቻላል ግን። ዊንዶውስ 10 እና 11 ያለው ደግሞ የኤስኤስኤች ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ላይ ያገኘዋል።

ከባንዲት ቀጥሎ ፒኮሲቲኤፍ ይመጣል። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ከ2013 ጀምሮ (በአውሮፓውያኑ) የሚያዘጋጀው ነጻ ውድድር ነው፤ የቆዩት ጥያቄዎች ዓመቱን ሙሉ ለልምምድ ክፍት ናቸው። በዋናነት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የታሰበ በመሆኑ እንግሊዝኛው ቀላል ነው፤ ይህም ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው። ትራይሃክሚ እጅ ይዞ ደረጃ በደረጃ ይወስዳል፤ ደስ የሚለው አዘገጃጀቱ ነው። ነገር ግን ከትምህርቶቹ ብዙዎቹ በዶላር የሚከፈልባቸው ናቸው፤ በአሳሽ ውስጥ የሚከፈተው ኮምፒውተሩም የተረጋጋ ኢንተርኔት ይሻል። በቴሌግራም «የተከፈለበት አካውንት በብር እንሸጣለን» ከሚሉ ሰዎች አትግዙ። የደህንነት ትምህርትን በተሰረቀ ወይም በጋራ በተሸጠ የይለፍ ቃል መጀመር አይገባም፤ የከፈላችሁት ገንዘብም መመለሻ የለውም። ድረ ገጽ መሥራት ለሚወዱ ደግሞ የፖርትስዊገር ዌብ ሴኪዩሪቲ አካዳሚ ሙሉ በሙሉ ነጻና እጅግ ጥልቅ ነው፤ ኤችቲቲፒ፣ ማለትም አሳሽና ድረ ገጽ የሚነጋገሩበት ደንብ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ግን አይገባበትም።

በራስ ኮምፒውተር የሚዘረጋ ቤተ ሙከራ

ራሙ 8 ጊጋባይት የሆነ ላፕቶፕና ወደ 60 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ካላችሁ ይህ አማራጭ ሌሎቹን ሁሉ ያስከነዳል። አንዴ ከተዘረጋ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግምና። በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር (ቨርቹዋል ማሽን) የሚያስነሣው ቨርቹዋልቦክስ የተባለ ሶፍትዌር ነጻ ነው። በእርሱ ላይ ካሊ የተባለውን ለደህንነት ሥራ የተዘጋጀ ሊኑክስና ሜታስፕሎይተብል 2 የተባለውን፣ ሆን ተብሎ በደካማ ጎን ተሞልቶ የተሠራ የመለማመጃ ኮምፒውተር ትጭናላችሁ። ራማችሁ 4 ጊጋባይት ከሆነ ካሊን ተዉት፤ ዴስክቶፕ የሌለው ዴቢያን የተባለ ቀላል ሊኑክስ ይበቃችኋል። ቨርቹዋል ማሽኑ አልነሣ ካለም ላፕቶፑ ተበላሽቷል ብላችሁ ወደ ጥገና አትሩጡ፤ ብዙውን ጊዜ ባዮስ በተባለው የኮምፒውተሩ የመነሻ ቅንብር ውስጥ የቨርቹዋላይዜሽን ፈቃድ ስላልተከፈተ ነው።

የካሊ ፋይል በጊጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ ሁሉም ከጓደኛው በፍላሽ ይቀዳል። ይቅዳ። ግን ከመጫኑ በፊት የፋይሉን ሻ-256፣ ማለትም ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣውን እንደ ጣት አሻራ ያለ ምልክት፣ ያስላ፤ ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል የተባለው ትእዛዝ ይህን ይሠራል። 64 ፊደልና አሃዝ ያለበት መስመር ይወጣል። ያንን የካሊ ይፋዊ ገጽ ላይ ካለው ጋር ያስተያይ። አንዲት ፊደል ከተለየች ፋይሉ ተነካክቷል ወይም ሲቀዳ ተበላሽቷል ማለት ነው። ክፍል ውስጥ «ምሉዕነት» ሲባል የሰማችሁት ይህንን ነው፤ ገጹን ለመክፈት የሚያስፈልገው ዳታም ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

የመጀመሪያው ልምምድ ምን ይሁን ለሚለኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። ካሊ ላይ ዋየርሻርክን፣ ማለትም በኔትወርክ የሚያልፈውን መረጃ የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ክፈቱ። ከዚያ ምስጠራ በሌለው በቆየው የግንኙነት መንገድ፣ በቴልኔት፣ ወደ ሜታስፕሎይተብል ግቡ፤ የተጠቃሚ ስሙና የይለፍ ቃሉ ሁለቱም «ኤምኤስኤፍአድሚን» ናቸው፣ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት። ወደ ዋየርሻርክ ተመልሳችሁ ግንኙነቱን ተከትላችሁ አንብቡ። የጻፋችሁት የይለፍ ቃል ፊደል በፊደል ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። ያንኑ በኤስኤስኤች ድገሙት፤ አሁን የሚታየው ትርጉም የለሽ የፊደል ክምር ነው። ስለ ምስጠራ ጥቅም አንድ ሰዓት ከማስረዳት ይህን አሥር ደቂቃ ማሳየት ይሻላል። ይህን ያየ ተማሪ ዳግመኛ በሆቴል ክፍት ዋይፋይ ላይ ሳያስብ የይለፍ ቃሉን አይጽፍም።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ሜታስፕሎይተብልን ከግቢው ኔትወርክ ጋር አታገናኙት፤ በቨርቹዋልቦክስ ቅንብር ከራሳችሁ ኮምፒውተር ጋር ብቻ የሚነጋገር አድርጉት። የተማራችሁትንም በዩኒቨርሲቲው ዋይፋይ፣ በመዝጋቢው ሲስተም ወይም በጓደኛ ስልክ ላይ አትሞክሩ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ወይም ኔትወርክ ሆን ብሎ መግባት ብቻውን፣ ምንም ሳይሰርቁ፣ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ያስቀጣል። «ክፍተቱን ላሳያቸው ብዬ ነው» የሚለው ቅን ሐሳብ ፈቃድን አይተካም። ይህን የምጽፈው ጎበዝ ልጅ በአንድ ምሽት ጉጉት ዕድሜውን ሲያበላሽ ማየት ስለማልፈልግ ነው።

የግል ማሠልጠኛዎች

እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ «ኤቲካል ሃኪንግ» የሚል ማስታወቂያ ዓይቼ፣ ቤተሰብ ለቤት ኪራይ የላከልኝን ገንዘብ ከፍዬ ተመዝግቤ ነበር። ለሦስት ሰው አንድ ኮምፒውተር ነበር። አሠልጣኙ በፕሮጀክተር ይሠራል፣ እኛ እናያለን። ሁለት ወር አልፎ ያማረ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ የአንድ ኮምፒውተርን የኔትወርክ አድራሻ ግን በራሴ መቀየር አልችልም ነበር።

ሁሉም እንዲህ ናቸው አልልም። ጥሩ አሠልጣኝ ያለበት ቦታ፣ በተለይ ለብቻው መማር ለሚከብደው ሰው፣ ገንዘቡን ያወጣል። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ጠይቁ፦ ለእያንዳንዱ ተማሪ ኮምፒውተር አለ? ከጠቅላላው ሰዓት ስንቱ የልምምድ ነው? መብራት ሲጠፋ ያመለጠው ክፍለ ጊዜ ይካካሳል? የትምህርቱን ዝርዝር በጽሑፍ ስጡኝ ስትሉ የሚያቅማማ ከሆነ ተመለሱ። አንድ ቀን በነጻ ገብታችሁ እንድታዩ ከፈቀዱላችሁ ጥሩ ምልክት ነው።

ትልልቆቹ ፈተናዎችና የክረምት ሥልጠና

ኮምፕቲያ ሴኪዩሪቲ ፕላስ በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቅ የመነሻ ምስክር ወረቀት ነው። ቢበዛ 90 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ይሠራበታል፤ ክፍያው ከ400 ዶላር በላይ ነው። ለተማሪ አልመክረውም። የፈተናው የርእሶች ዝርዝር ግን በነጻ ይገኛል፤ እርሱን አውርዶ እንደ ካርታ መጠቀም ብልህነት ነው።

የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ለወጣቶች የሚያዘጋጀው የክረምት የሳይበር ታለንት ሥልጠናም አለ። ምዝገባው ሲወጣ ይፋዊ ገጹን ተከታተሉ። ተመልምሎ የሚገባበት ስለሆነ ቀድሞ የተለማመደ ይጠቀማል።

| አማራጭ | የእጅ ሥራ | ኢንተርኔትና መብራት | ወጪ | የሚጠየቅ ሰው | ለማን ይሻላል |
|---|---|---|---|---|---|
| የዩኒቨርሲቲ ኮርስ | ትንሽ | ብዙ አይነካውም | ተጨማሪ የለም | መምህሩ | ለሁሉም፣ ከሌላ ጋር ተደምሮ |
| ነጻ የኢንተርኔት ኮርስ | ትንሽ፤ ከፓኬት ትሬሰር ጋር መካከለኛ | ቪዲዮው ዳታ ይበላል | ነጻ | የለም | ቃላቱንና መልኩን ለማወቅ |
| ባንዲት | እጅግ ብዙ | በጣም ትንሽ ዳታ፤ ቢቋረጥም ይቀጥላል | ነጻ | የጥናት ጓደኛ | ገንዘብም ላፕቶፕም ለሌለው |
| ፒኮሲቲኤፍ | ብዙ | መካከለኛ | ነጻ | የጥናት ጓደኛ | ከባንዲት በኋላ |
| ትራይሃክሚ | ብዙ | የተረጋጋ መስመር ይፈልጋል | ከፊሉ በዶላር | ገጹ ራሱ ይመራል | ካርድና ጥሩ መስመር ላለው |
| የራስ ቤተ ሙከራ | እጅግ ብዙ | ከተዘረጋ በኋላ ኢንተርኔት አያሻውም | ላፕቶፑ ካለ ነጻ | የጥናት ጓደኛ | ራሙ 8 ጊጋባይት ለሆነ ላፕቶፕ |
| የግል ማሠልጠኛ | እንደ ቦታው | እንደ ቦታው | በብር፣ ከፍ ያለ | አሠልጣኙ | ብቻውን መማር ለሚከብደው |
| ሴኪዩሪቲ ፕላስ | ትንሽ | ትንሽ | ከ400 ዶላር በላይ | የለም | ከፍሎ የሚያስፈትን መሥሪያ ቤት ላለው |

እንደ ሁኔታችሁ

በእጃችሁ ያለው ስልክ ብቻ ከሆነ፦ ተርመክስና ባንዲት። በሳምንት አምስት ሰዓት ብትሰጡት በአንድ ሴሚስተር ሩቅ ትሄዳላችሁ። ፓኬት ትሬሰርን በግቢው የኮምፒውተር ክፍል ሥሩ።

ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ራሙ 4 ጊጋባይት የሆነ ካላችሁ፦ በእርሱም ባንዲትን ሥሩ፤ ዋየርሻርክን ጭናችሁ የራሳችሁን ኮምፒውተር ግንኙነት ብቻ አንብቡ። ራም ለመጨመር የምታወጡት ገንዘብ ለማሠልጠኛ ከምትከፍሉት ይቀድማል፤ በድሬዳዋ ገበያ ከመግዛታችሁ በፊት ላፕቶፑ የሚቀበለውን ዓይነትና መጠን አጣሩ።

ጥሩ ላፕቶፕ ካላችሁ፦ ከሦስት ወይም ከአራት ጓደኞች ጋር ሆናችሁ ፋይሎቹን አንድ ሰው ያውርድ፣ ሌሎቹ ይቅዱ፣ ሁሉም ሻ-256 ያስላ። አንዱ ሲሰናከል ሌላው ይደርስለታል። ሐረማያ ያላችሁ በአየሩ ታድላችኋል፤ ላፕቶፑም እናንተም በቀን መሥራት ትችላላችሁ።

የምትመረቁ ከሆነና ማስረጃ የግድ ካስፈለጋችሁ፦ የሲስኮውን መግቢያ፣ ቀጥሎ ነጻው ዕድል ካለ የአይኤስሲ2ን። ከሁለቱም ይልቅ ግን የሠራችሁትን ልምምድ በቀንና በርእስ የመዘገባችሁበት ደብተር ወይም ፋይል ይኑራችሁ። ቀጣሪ «ይህን ችግር እንዴት ፈታኸው?» ብሎ ሲጠይቅ ከእርሱ ትመልሳላችሁ።

የሒሳብ አያያዝ፣ የሕግ ወይም ሐረር ላይ የጤና ተማሪ ከሆናችሁ፦ ይህ ሁሉ አያስፈልጋችሁም። የሲስኮው መግቢያ ይበቃል። ከዚያ ዛሬውኑ የቴሌግራምና የኢሜይላችሁን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ክፈቱ፤ የቴሌብርና የባንክ ምስጢር ቁጥራችሁን ከልደት ዓመታችሁ አላቁ። ነገ የሰው ሒሳብና የሕመም ታሪክ በእጃችሁ ይገባል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና ኃላፊነቱ የኮምፒውተር ባለሙያው ብቻ አይደለም።

ቴሌግራሟ የተወሰደባት ልጅ አካውንቷን ከመለሰች በኋላ ባንዲትን በስልኳ ጀመረች። ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ የደብተሯን ገጽ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። አሥራ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ናት፤ ተደጋግሞ የታመቀ ፋይል እየፈታች ነው። ከሥሩ «ይህ ደግሞ ሲፈታ ሌላ የታመቀ ፋይል ሆነ፤ መልሱን እንዳትነግረኝ» የሚል ጽፋለች።